የዲፈረንሻል ኦይል ሲል ልኩን አግኝቶ መግዛት፦ ከመለካት እስከ መግጠም

ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ወደ ግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ያፈሳል፣ ሲል (ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚይዘው ባለ ጎማ ከንፈር ቀለበት) ተገዝቶ ይቀየራል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናው ሥር ያው ጥቁር ጠብታ ይታያል። ሰው ወዲያው «ሲሉ የማይረባ ነበር» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ሱቅ በር ላይ ነው፦ «የሃይሉክስ የኋላ ሲል ስጠኝ» ተብሎ በመኪና ስም ሲጠየቅ። ሃይሉክስ አንድ ስም ነው፤ ሥሩ የገባው አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ከነቤቱ) ግን እንደ ሞተሩ፣ እንደ ዓመቱ፣ አንዳንዴም ኤቢኤስ እንዳለውና እንደሌለው ይለያያል። ሲል የሚገዛው በልክ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በኋላ ዲፈረንሻል በሚሄድ ሃይሉክስ ላይ ተመርኩዤ ጻፍኩት። ለሚኒባስም፣ ለላንድክሩዘርም፣ ለአይሱዙም የመለካቱ ሥራ ያው ነው። እንደ ቪትዝና ኮሮላ በፊት ጎማ የሚነዱት ዲፈረንሻላቸው ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ የሚለዩበትን ቦታ በየመንገዱ እጠቁማለሁ።

የምታዘጋጁት

- ቨርኒየር፣ ውፍረትንና ስፋትን በሚሊ ሜትር አሥረኛ የሚለካው መሣሪያ። ዲጂታሉ ለማንበብ ይቀላል። ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱና አስለኩ። በሜትርና በማስመሪያ የተለካ ሲል አይገዛም።
- ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ካሜራ ያለው ስልክ።
- ባትሪ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ ቤንዚን።
- ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት ካቫሌቶ፣ ከጎማ ሥር የሚገባ ድንጋይ ወይም እንጨት።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ አትግቡ። ክሪክ ለማንሣት ነው፤ የሚሸከመው ካቫሌቶ ነው። ረጅም መንገድ የሄደ ዲፈረንሻል ዘይቱ ቆዳ ስለሚያቃጥል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ቤንዚን ይዛችሁ አጠገባችሁ ሲጋራም ብየዳም አይኑር።

ደረጃ 1፦ የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ ለዩ

የኋላ ዲፈረንሻል ላይ ዘይት የሚወጣባቸው ዋና ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

የፒኞን ሲል፦ ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ (ትራንስሚሽኑ) ዲፈረንሻሉን በሚነካበት፣ ከፍላንጁ (ዘንጉ በብሎን ከሚታሰርበት ክብ ብረት) ኋላ ያለው ነው። ሲያፈስ ፍላንጁ እየዞረ ዘይቱን ዙሪያውን ይረጨዋል። ስለዚህ ከበላዩ ያለውን የመኪናውን ወለል በባትሪ እዩ፤ በመስመር የተረጨ ዘይት ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

የአክስል ሲሎች፦ በግራና በቀኝ፣ ጎማው ጋ ያሉ ናቸው። እነዚህ ሲያፈሱ ዘይቱ የፍሬን ሸራ ላይ ይደርሳል፤ ፍሬኑ ይደክማል ወይም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ጎማው ከውስጥ በኩል ረጥቦ ከሆነ አሽትቱት። የዲፈረንሻል ዘይት ድኝ ድኝ የሚል ኃይለኛ ሽታ አለው፣ ወፍራምም ነው። ቀጭንና ውሃ መሳይ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነውና መንገዱ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው ሲል አይደለም። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ ቤት ጋር በብሎን የሚገናኝበት ቦታ ወረቀት ወይም ማጣበቂያ አለው። እዚያ የወጣ ዘይት ወደታች ወርዶ የፒኞን ሲል ያፈሰሰ ይመስላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ካልተለየላችሁ ቦታውን ሁሉ በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁ፣ የሕፃን ፓውደር በስሱ ነስንሱበት፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ተመለሱ። ዘይቱ የሚጀምርበት ከፍተኛው ቦታ በነጩ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። የሚንጠባጠብበትን ሳይሆን የሚጀምርበትን ተከተሉ።

ደረጃ 2፦ ሲሉ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ትክክለኛውን ሲል ገዝቶም ያፈስበታል።

መተንፈሻው። ከአክስሉ ቤት አናት ላይ ትንሽ ኮፍያ ያላት ጡት የምታህል ብረት አለች፤ አንዳንዱ ላይ ጎማ ቱቦ ተሰክቶባት ወደ ላይ ይወጣል። ዘይቱ ሲሞቅ በውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፣ በዚህች ይወጣል። በጭቃ ከተደፈነች ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ ከንፈር በኩል ይገፋል። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ የገጠር መንገድ ስመላለስ የፒኞን ሲል ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ። በሦስተኛው ራሴ ሥሩ ገብቼ መተንፈሻዋን በጣቴ ስነካት ኮፍያዋ እንደ ድንጋይ ደርቃ አልነቃነቅ አለች። ፈትቼ በቤንዚን ሳጥባት የወጣው ደረቅ ቀይ አፈር ነበር። ከዚያ በኋላ የተገጠመው ሲል ዝም አለ። ኮፍያዋ በጣት ስትነካ መንቀሳቀስ አለባት፤ ካልተንቀሳቀሰች ፈትታችሁ እጠቧት፣ በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር ንፉባት፣ አየር ካላሳለፈች ለውጧት።

የዘይቱ መጠን። መሙያውን ብሎን ፍቱ፤ ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ እኩል ወይም እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ በቀዳዳው ሲፈስስ ከተገኘ ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና መላው ይቀየራል።

መንቀጥቀጥ። የትራንስሚሽኑን ዘንግ ፍቱና የፒኞኑን ፍላንጅ በእጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ዞር ዞር ማለቱ ችግር የለውም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ጎማውንም ከመሬት አንሥታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙት። የሚነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) አልቋል። ባለቀ ኩሽኔታ ላይ የተገጠመ ሲል ዘንጉ እየተወዛወዘ ከንፈሩን ስለሚበላው ዕድሜው ሳምንታት ነው። መጀመሪያ ኩሽኔታው ይሠራ።

ደረጃ 3፦ የመኪናውን ማንነት ጻፉ

ሊብሬውን አውጥታችሁ የሻንሲ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ገልብጡ፤ ከዚያ መኪናው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥር ዕቃ ለማግኘት ከሞዴል ስምና ከዓመት በብዙ ይበልጣል። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች 17 ፊደልና ቁጥር የላቸውም፤ አጭር የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥር ነው። ሙሉውን ከነሰረዙ ጻፉት።

ቶዮታ ላይ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ወይም በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሳህን አለች። እሷ ላይ የአክስሉ ኮድ ይገኛል፤ ፊደሉ የኮሮናውን (በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ክብ ማርሽ) ስፋት፣ ቁጥሩ የጥርሱን ሬሾ ይነግራል። ፎቶ አንሡት። ጥንቃቄ ግን አለው፦ ዲፈረንሻሉ ቀድሞ በሌላ መኪና ዲፈረንሻል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። እንደ አዲስ አበባው ሱማሌ ተራ ካለ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ሙሉ ዲፈረንሻል ገዝቶ መግጠም የተለመደ ስለሆነ ሳህኗ የምትለው አንድ፣ ሥሩ ያለው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ቀጣዮቹ ደረጃዎች የማይዘለሉት።

ከውጭ አገር የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ይህን ቁጥር ላኩለት። ሃይሉክስ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ እዚያ የሚሸጠው ታኮማ ነው፤ «ያው አንድ ነው» ተብሎ የታኮማ ሲል ቢላክላችሁ ላይገጥም ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ግን ሃይሉክስም ላንድክሩዘርም በስፋት ስለሚሸጡ ከዱባይ ማስመጣት ይቀላል።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን ሳታበላሹ አውጡ

1. ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሲሉን እንደተቀመጠ ፎቶ አንሡት፦ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሆነ፣ ቀስት ካለው ወዴት እንደሚያመለክት፣ ምን እንደተጻፈበት።

2. በቨርኒየሩ ጅራት ከቤቱ ጠርዝ እስከ ሲሉ ፊት ያለውን ጥልቀት በአራት ቦታ ለኩ፣ ጻፉ። እኩል ተቀምጦ ከሆነ ዜሮ፣ ገባ ብሎ ከሆነ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ። ይህን ልኬት ማንም አይወስድም፤ ሲል ከወጣ በኋላ ግን መልሶ ማግኛ የለውም።

3. የፒኞን ሲል ከሆነ ዳዶውን ከመፍታታችሁ በፊት በዳዶው፣ በዘንጉ ጫፍና በፍላንጁ ላይ በነጥብ መቺ የሚገናኝ ምልክት አድርጉ፤ ከዳዶው ውጭ የሚታየውን ጥርስም ቁጠሩ። ብዙ ዲፈረንሻሎች ውስጥ ኩሽኔታዎቹን በልክ የሚያጨናንቅ፣ ሲጠብቅ የሚጨማደድ ቀለበት አለ። ከምልክቱ አልፋችሁ ካጠበቃችሁት ኩሽኔታው ይታነቃል፤ መልሶ ማላላት አያድነውም፤ አዲስ ቀለበት ይገባል። ይህን ሥራ ሠርታችሁት የማታውቁ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙና ለመካኒክ ስጡት። መለካቱንና መግዛቱን ግን ራሳችሁ ሥሩት።

4. ሲሉን ሲል ማውጫ በተባለው መንጠቆ ወይም በካቻቪቴ ጎትታችሁ አውጡ። የካቻቪቴው ጫፍ ዘንጉንም የቤቱንም ግድግዳ እንዳይነካ ከሥሩ ጨርቅ አስገቡ። ግድግዳው ላይ የተጫረች አንዲት መስመር አዲሱ ሲል በጀርባው እንዲያፈስ ትበቃለች።

5. ቢጣመምም ቢቀደድም አሮጌውን አትጣሉ። በንጹሕ ፌስታል አስቀምጡት።

ሃይሉክስ አክስል ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ጎማው ጋ ሁለት ሲል ነው ያለው፦ ውስጠኛው ከአክስሉ ቤት ጫፍ ውስጥ የተቀመጠው የዲፈረንሻሉን ዘይት የሚይዘው ነው፤ ውጭኛው ኩሽኔታው ጋ ያለው አቧራና ውሃ የሚከለክለው ነው። ገበያ ላይ «የአክስል ሲል» ስትሉ ከሁለቱ አንዱን ነው የሚሰጧችሁ። ዘይት የሚያፈስ ከሆነ የምትፈልጉት ውስጠኛው ነው። ውጭኛውን ለመቀየር ኩሽኔታውን በፕሬስ ማውጣት ይጠይቃል። እንደ ድሮው ላንድክሩዘርና እንደ አይሱዙ ያሉት ደግሞ አክስሉ ክብደት የማይሸከም ስለሆነ ሲላቸው ሃቡ ጋ ነው።

ደረጃ 5፦ ለኩ

የዚህ ሁሉ እምብርት ይኸ ነው። ሲል በሦስት ቁጥር ይጠራል፦ የዘንጉ ውፍረት፣ የውጭ ስፋት፣ ወርድ። በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፋል። እናንተ የምትለኩት ግን ሲሉን ብቻ አይደለም፤ ዘንጉንም ቤቱንም ነው።

ዘንጉን ለኩ። ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዙሪያውን የከበበ የሚያብለጨልጭ መስመር ታያላችሁ፤ ከንፈሩ የተሻሸበት ነው። ከመስመሩ አጠገብ ያልተነካውን ቦታ ለኩ፤ ከዚያ ራሱን መስመሩን። ሁለቱንም ጻፉ። የፒኞን ሲል የሚያርፈው በፍላንጁ አንገት ላይ ስለሆነ የምትለኩት ፍላንጁን ነው። አንድ ጊዜ ከለካችሁ በኋላ ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙት።

ቤቱን ለኩ። ሲሉ የተቀመጠበትን ቀዳዳ በቤንዚን አጽዱና በቨርኒየሩ የላይኛው ጥርሶች ከውስጥ ለኩ፣ ይህንንም በሁለት አቅጣጫ። ቀዳዳው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነም ያዙ፤ መጨረሻው ላይ ደረጃ (ሲሉን የሚያቆም ጠርዝ) ካለና ዘይት የሚመለስበት ቀዳዳ ካለ ሣሉት። ወፍራም ሲል ያቺን ቀዳዳ ከደፈነ ዘይቱ ከሲሉ ጀርባ ይከማቻል።

አሮጌውን ሲል ለኩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና በዝግታ አንብቡ። የሲሉ ከንፈር ዘንጉን አጥብቆ እንዲይዝ ሆን ተብሎ ከዘንጉ ይጠብባል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ስለዚህ ለ38 ዘንግ የተሠራ ሲል ከንፈሩ ቢለካ 36.5 ገደማ ሊል ይችላል። «36 ነው» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የተሳሳተ ዕቃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከንፈሩ ሰፍቶ ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። የውስጥ ልኩ ከዘንጉ ይወሰድ እንጂ ከከንፈሩ አይወሰድ። የውጭውም እንዲሁ፤ ሲሉ ቀዳዳው ውስጥ ተጨናንቆ እንዲቀመጥ በጥቂት የሚሊ ሜትር አሥረኞች ይበልጠዋል፤ ጀርባው ጎማ የለበሰው ደግሞ የበለጠ።

አንድ ምሳሌ። ወረቀታችሁ ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ ዘንግ 38.0፣ መስመሩ ላይ 37.9፣ ቀዳዳው 74.0፣ የአሮጌው ሲል የውጭ ስፋት 74.2፣ ከንፈሩ 36.7፣ ወርዱ 11። የምትጠይቁት ሲል 38 በ74 በ11 ነው። 74.2 የሚል ሲል የለም፤ 37ም አይደለም።

ወርዱ ሁለት ቁጥር ያለው ሲል አለ፦ የብረት አካሉ 10 ሆኖ ከንፈሩ ወጥቶ በድምሩ 18 የሚሆን ለምሳሌ። ይህ 10/18 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱንም ለኩ። በክንፍ የሚያርፍ ከሆነ የክንፉንም ስፋት ያዙ።

የለካችሁት ቁጥር ግራ የሚያጋባ፣ ወደ ሙሉ ሚሊ ሜትር የማይጠጋ ከሆነ መኪናው የአሜሪካ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ለ25.4 አካፍሉት። 47.6 ያላችሁ ዘንግ አንድ ኢንችና ሰባት ስምንተኛ ነው። ለእንዲህ ያለው በሚሊ ሜትር «የሚቀርበውን» አትግዙ።

ደረጃ 6፦ የተጻፈውን አንብቡ

አሮጌውን ሲል በቤንዚን እጠቡና በባትሪ ብርሃን በዘንበል እዩት። የሲሉ ጎማ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ በቀጥታ ብርሃን አይታይም፤ ከጎን ሲበራበት ይወጣል። ካልወጣ ኖራ ወይም ጠመኔ አሽታችሁ ጥረጉት።

ሦስቱ ልኮች እዚያው ተጽፈው ታገኙ ይሆናል። ካልሆነ የሠሪው ስም ይኖራል፤ በጃፓን መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ኤን ኦ ኬ ወይም ኮዮ። በፊደል የሚጀምር ቁጥር የፋብሪካው መለያ ነው፤ እሱን እንደ ልክ አታንብቡት።

የቶዮታ ዕቃ ቁጥር ካገኛችሁ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። ኦይል ሲል ብዙ ጊዜ በ90310 ወይም በ90311 ይጀምራል፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የዘንጉ ውፍረት ናቸው። 90311 ሰረዝ 38 ብሎ የሚቀጥል ቁጥር የ38 ሚሊ ሜትር ዘንግ ሲል ነው። እናንተ የለካችሁት 41 ሆኖ ሻጩ የሚያቀርበው ሳጥን ላይ 38 ካለ ሳጥኑን ሳትከፍቱ መመለስ ትችላላችሁ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች ግን የውጭውን ስፋት አይናገሩም፤ 38ቱ ስለተስማማ ብቻ አትግዙ።

ደረጃ 7፦ ልክ ከተገኘ በኋላ ዓይነቱን አረጋግጡ

ሦስቱ ቁጥሮች ተስማምተውም ሲሉ ሊሳሳት ይችላል።

ከንፈር፦ ለዲፈረንሻል የሚሆነው ከዘይት ጠባቂው ከንፈር ሌላ አቧራ የሚከለክል ሁለተኛ ከንፈር ያለው ነው። ባለ አንድ ከንፈሩ ርካሽ ነው፤ በእኛ አቧራ መንገድ ግን አይበረክትም።

የመዞር አቅጣጫ፦ አንዳንዱ ሲል ከንፈሩ ላይ የተጋደሙ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ዘንጉ ሲዞር ሊያመልጥ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ የሚመልሱ። አቅጣጫው ከተገለበጠ እነዚያው መስመሮች ዘይቱን ወደ ውጭ ይስባሉ፤ አዲስ ሲል ከመጀመሪያው ቀን የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀስቱ ዘንጉ የሚዞርበትን ያመለክታል። በፊት ጎማ በሚነዱት ላይ የግራና የቀኙ ሲል የተለያየ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፦ መኪናው ወደፊት ሲሄድ የግራው ዘንግ ከግራ በኩል ቆሞ ለሚያየው ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራል፣ የቀኙ ከቀኝ በኩል ለሚያየው እንደ ሰዓት። ሁለቱን ስትገዙ ግራና ቀኝ ብላችሁ ፌስታሉ ላይ ጻፉ። መስመር የሌለው ወይም ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ያሉት በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል።

የሲሉ ጎማ ዓይነት፦ ናይትራይል የሚባለው እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል፤ ፖሊአክሪሌት 150 ይጠጋል፤ ቫይተን 200 አካባቢ። በከተማ ለሚሠራ መኪና ጥሩ ናይትራይል ይበቃል። ጭነት ለሚጭን ወይም ረጅም ዳገት ለሚወጣ ከፍ ያለውን ፈልጉ። ሲሊኮን ግን ለዲፈረንሻል አትግዙ፤ የማርሽ ዘይት ውስጥ ያለው ድኝና ፎስፈረስ ያዘለ ማጠናከሪያ ይበላዋል። በቀለም ብቻ አትመኑ፤ ቡኒ ሁሉ ቫይተን አይደለም፣ ጥቁር ሁሉ ናይትራይል አይደለም። የተጻፈበትን ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ሱቅ ስትሄዱ

አሮጌውን ሲል፣ ወረቀቱን፣ ቨርኒየሩን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ስጡ፤ የቀረበላችሁን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ወረቀቱ ይበልጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ፦

1. አዲሱን በአሮጌው ላይ አስቀምጡት፤ የውጭ ጠርዛቸው እኩል መሆን አለበት።
2. በቨርኒየር የውጩንና ወርዱን ለኩ።
3. ከንፈሩን ዙሪያውን በጣት ጫፍ ዳብሱ። ንጹሕ፣ ስል፣ ሳይቆራረጥ የዞረ መሆን አለበት።
4. ከከንፈሩ ጀርባ ያለችውን ቀለበት ሞላ እዩ፤ ቦታዋ ላይ ናት? ዝጋለች?
5. ከንፈሩን በቀስታ ወደ ውጭ ሳብ አድርጉት። ለስላሳ ሆኖ መመለስ አለበት። ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል።

አንድ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ። ብዙ ሱቆች ሲሎችን በሽቦ ወይም በሚስማር ላይ እንደ ዶቃ ደርድረው ይሰቅላሉ። የሁሉም ክብደት በታችኛው ከንፈር ላይ ያርፋል፤ ሚስማሩ የነካበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ጎድጓዳ ይቀራል። ከሚስማር ላይ የወረደ ሲል አንድ ጊዜ ገዝቼ ቤት ወስጄ በማጉያ መነጽር ሳየው ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ በጥፍር የተጫረ ይመስል ነበር። በሳጥኑ ወይም በወረቀቱ ውስጥ ያለውን ጠይቁ፤ ዋጋው ቢበልጥም።

ልኩ ሲጠፋ፦ ዘንጉና የውጭው ስፋት መነካት የለባቸውም። ወርዱ ላይ ብቻ ነው መተጣጠፍ የሚቻለው። ቀዳዳው ጥልቀቱ ከፈቀደ 11 የነበረውን በ10 መተካት ይቻላል፤ ወፍራሙን ግን ሳትለኩ አታስገቡ። ሻጩ «ውጩ በአንድ ሚሊ ብቻ ነው የሚያንሰው፣ በማጣበቂያ ይያዛል» ቢላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የመኪና ስም ትታችሁ ሦስቱን ቁጥር ይዛችሁ ኩሽኔታና ሲል ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ፤ የፋብሪካ ማሽን ሲል የሚሸጥበት መደብር ውስጥ የመኪናችሁ ልክ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስትገዙ ደረጃ 7ን እንደገና ፈትሹ።

ደረጃ 9፦ ዘንጉ ተበልቶ ከሆነ

የሚያብለጨልጨውን መስመር በጥፍራችሁ ተሻገሩት። ጥፍሩ ካልያዘው ጥሩ ነው። ከያዘው የትኛውም ውድ ሲል አያቆመውም። ሦስት መፍትሔ አለ።

ቀዳዳው ደረጃ ከሌለውና ቦታ ካለ ሲሉን ከቀድሞው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ለየት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ ያርፋል። በደረጃ 4 የለካችሁት ጥልቀት የሚያገለግለው እዚህ ነው። ይህን ለሃይሉክስ የአክስል ሲል አታድርጉት፤ ከንፈሩ የሚያርፍባት ቦታ ጠባብ ስለሆነች ትንሽ ቢዛነፍ ከላይዋ ይወርዳል።

ሁለተኛው በዘንጉ ላይ የሚጠልቅ ቀጭን የብረት እጅጌ ነው። ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ የሲሉ ልክ አይቀየርም።

ሦስተኛው ፍላንጁን መቀየር ነው፤ ያገለገለም ቢሆን አንገቱ ንጹሕ ከሆነ ይሠራል። ቶርኖ ቤት አስሞልቶ ማስከርከር የምትመርጡ ከሆነ መጨረሻው በደንብ መለስለስ አለበት። ቶርኖ የሚተዋት ጠምዛዛ መስመር እንደ ብሎን ጥርስ ሆና ዘይቱን ትመራዋለች፤ በዓይን ለስላሳ መስሎ ሳለ ያፈሳል።

ደረጃ 10፦ መግጠሙ

ትክክለኛው ሲል የሚገደለው እዚህ ላይ ነውና መካኒኩ ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ።

1. ቀዳዳውንና ዘንጉን አጽዱ፤ የሹል ጠርዝ ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።
2. በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ግራሶ ሙሉ፤ ዋናው ከንፈር ላይ የማርሽ ዘይት ቀቡ። ደርቆ የገባ ከንፈር ገና መኪናው ሲነሣ ይቃጠላል።
3. ዘንጉ ጥርስ ካለው በስኮች ወይም በስስ ላስቲክ ሸፍኑት፣ ከንፈሩ ሲያልፍ እንዳይቆረጥ።
4. ሲሉን ጠርዙን በሚያህል ቱቦ ወይም ትልቅ ቡሶላ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡ። በመዶሻ ቀጥታ አንድ ጎኑን መምታት ብረቱን ያጣምመዋል።
5. ጥልቀቱን በአራት ቦታ ለክታችሁ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛነፈ አስተካክሉ።
6. ዳዶውን እስከ ምልክቱ መልሱ። የመኪናው መመሪያ በእጃችሁ ካለ የተጻፈውን የጥብቀት ልክ ተከተሉ።
7. የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዘይት ሙሉ፤ በብዙዎቹ የኋላ ዲፈረንሻል ላይ ጂ ኤል 5፣ 80 ደብሊው 90 ነው። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይመለስምና ለውጡት፤ ታምቡሩን ግን ማጠብ ይበቃል።

አሁንም ካፈሰሰ

በመጀመሪያው ቀን ከሆነ፦ አቅጣጫው ተገልብጧል፣ ከንፈሩ ሲገባ ተቆርጧል፣ ወይም ሞላዋ ወጥታለች። ያንኑ አውጥታችሁ መልሳችሁ አትግጠሙ፤ አንድ ጊዜ የወጣ ሲል አይመለስም።

ከውጭው ጠርዝ ዙሪያ የሚያፈስ ከሆነ ከንፈሩ ደህና ነው፤ ቀዳዳው ተጭሯል ወይም የውጭው ልክ አንሷል። ልኩ ትክክል ከሆነና ጭረቱ ትንሽ ከሆነ የብረት ጀርባው ላይ ብቻ ስስ ማጣበቂያ ቀብቶ አዲስ ሲል መግጠም ይሠራል።

ሲነዳ የሚያፈስ፣ ሲቆም ግን የሚተው ከሆነ ወደ መተንፈሻው ተመለሱ። ቆሞም የሚንጠባጠብ ከሆነ የዘይቱን መጠንና የዘንጉን መስመር እንደገና እዩ።

ከሳምንታት በኋላ ከጀመረ ኩሽኔታውን ፈትሹ። ዲፈረንሻሉ ሲነዳ አዲስ የጩኸት ድምፅ ካመጣ ወይም እጅ ማስቀመጥ እስከማይቻል ከጋለ ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል፤ መኪናውን አቁሙና ሳይነዳ ይሠራ።

ዝም ካለ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መሙያውን ከፍታችሁ የዘይቱን ከፍታ አንድ ጊዜ እዩ። ወረቀቱን፣ ሦስቱን ልክ፣ ጥልቀቱንና የገዛችሁትን ሲል ቁጥር ጨምራችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት፤ የሌላኛው ጎን ሲል ሲያፈስ እዚያው ታገኙታላችሁ።